የመጠጥ ውሃና የእጅ ውሃ

ይህን ትዝታ ከመጀመሬ በፊት የያዝኳቸውን ማስረጃዎችና የማስታወሴን ወሰን ለአንባቢ መግለጽ ይገባኛል። በእጄ ሁለት የመስክ ደብተሮች አሉ። ሦስተኛውን አይጥ በልቶታል፤ የተረፈው የገጾቹ ኅዳግ ነው፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ ከድምር በቀር የጻፍኩት ነገር አልነበረም። በጡረታ ስሰናበት ማንም «መልስ» ያላለኝ አንድ የጨርቅ ሜትርም አለኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ከእጅ ብዛት ጠፍተውበታል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ከአእምሮዬ የወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲለካ የኖረ ሰው የዓይን ግምትንና የሜትር ልኬትን ለይቶ ያውቃል፤ እናም አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የዓይን ግምት ነው። ሰዎቹ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤአለሁ አልልም፤ ለዛቸውን ግን ይዤአለሁ ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ ረቂቁን አንብባ፣ «ያ የምክር ቤት ስብሰባ በጾም ነበር እንጂ ከፋሲካ በኋላ አይደለም፤ ሽሮህን ሳትነካ እንደተነሣህ ትዝ ይለኛል» ብላኛለች። እርሷ ትክክል ልትሆን ትችላለች።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ቤቴን ለግብር የምትለካ ባለሙያ ከወረዳ መጣች። ጨዋ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ከመዳፏ የማትበልጥ መሣሪያ አወጣችና በግድግዳዬ ላይ ቀይ ነጥብ አሳረፈች፤ ነጥቧ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ዘለለች፤ አለቀ። እኛ ግማሽ ቀን እንደክምበት የነበረውን ሥራ እርሷ ጫማዋ ሳይቆሽሽ ጨረሰችው።

«አባባ፣ ጨርሻለሁ። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ውሃ ሳትጠጪ?»

«አይ፣ ይዣለሁ» ብላ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሳየችኝ።

ከሄደች በኋላ በረንዳው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ልኬቷ ከእኔ ልኬት የተሻለ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን «ይዣለሁ» ስትለኝ አንድ ሰው ናፈቀኝ፤ ከእርሳቸውም ጋር ሌላ ሰው፣ ከሁለቱም ጋር አንድ ተራራ።

ወደ ማዘጋጃ ቤት የገባሁት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፣ አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ መዝገብ ቤት ነበር፤ አለቃዬም ወረቀት ሲቀርብላቸው ከማንበባቸው በፊት ማኅተሙን በብርሃን የሚመረምሩ፣ ማኅተም ያለበት ውሸት ማኅተም ከሌለው እውነት የሚሻላቸው ሰው ነበሩ። ስለ ደመወዜ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማርኩትን ያህል አልነበረም፣ ግን በየወሩ ይመጣ ነበር። ከዚያ ወደ ግምት ክፍል ተዛወርኩ። የሥራ ክልሌም ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው፣ ያን ጊዜ በቁጥር ብቻ በሚጠራው ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈር ሆነ።

የዘመኑን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆኖ ነበር። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ የተረፈ ቤት ከተገኘ ይወረሳል። በቀረለት ቤት ደግሞ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይከፍላል። የክፍያው ልክ በቤቱ ስፋትና በቦታው ደረጃ ይወሰናል። ስፋቱን ሜትር ይናገራል። የቦታው ደረጃ ግን የሚወሰነው በአካባቢው ባለው መንገድ፣ መብራትና ውሃ ነው። መንገድ በዓይን ይታያል፤ የመብራት ምሰሶም አይደበቅም። ውሃ ግን በየሰው ጓዳ ነው ያለው፤ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብልሃት ይጠይቃል።

ያ ብልሃት የነበራቸው ሰው ጋሽ በየነ ነበሩ።

ጋሽ በየነ በግምት ሥራ የሸበቱ፣ ከቄስ ትምህርት ቤትና ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልተማሩ፣ ረጅም ካፖርታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። እርሳሳቸው በጆሯቸው ላይ ትውላለች። አንድን ግቢ ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት በእርምጃ ይዞሩታል፤ ቁጥሩን ለራሳቸው ያንሾካሹካሉ፤ ከዚያ «ዘርጋ» ይሉኛል። የእግራቸውና የሜትሩ ልዩነት ከአንድ ክንድ በላይ ሲሆን አይቼ አላውቅም። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ተማሪው» ነበር የሚሉኝ። ዲግሪዬን ለማክበር ይሁን ለመሸንቆጥ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ስለ እርሳቸው አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር። በአንድ ግቢ ከዋናው ቤት ጀርባ ሌላ ክፍል አገኘን። በመኖሪያነት ከተመዘገበ ትርፍ ቤት ተብሎ ሊወረስ ይችላል። ባለቤቱ እጁን እያፋተገ «በረት ነው፣ ጋሼ» አለ። በሩን ስንከፍት በእርግጥም አንዲት ላም ቆማለች። ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፤ ከላሟ ራስ በላይ ፎቶግራፍ ተሰቅሎበት የነበረ ነጭ አራት ማዕዘን ከነምስማሩ ይታያል።

ጋሽ በየነ ላሟንና ምስማሩን በተራ ተመለከቱ።

«ስንት ትታለባለች?»

ሰውየውን ላብ አጠመቀው። «ገና... ገና ትናንት ነው ያመጣኋት።»

«ታዲያ ፎቶዋን ለመስቀል ምን አስቸኮላት?»

ይህን ብለው በቅጹ ላይ «በረት» ብለው ጻፉ። መንገድ ላይ አላስችል አለኝ።

«ጋሽ በየነ፣ ያ እኮ በረት አይደለም።»

«ላም አላየህም?»

«አየሁ፤ ግን...»

«ያየነውን ጻፍን። የላሟን የቀድሞ አድራሻ የጠየቀን የለም። አንተ ላሟን ስታይ እኔ ልጆቹን ስቆጥር ነበር፤ አምስት ናቸው። የሚተኙት የት ይመስልሃል?»

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። ጋሽ በየነ በየደረሱበት ቤት፣ ሁሉም ቤት ባይሆን በሦስት ወይም በአራት ቤት አንዴ፣ ውሃ ይጠይቃሉ። «እመቤት፣ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ የሚጠጣ ውሃ ቢኖር» ይላሉ። ይቀበላሉ፤ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ልኬቱ ሲያልቅ ደግሞ፣ «እጄን አቧራ ነካው፤ ትንሽ የእጅ ውሃ ቢያፈሱልኝ» ይላሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ ቀርፋፋ ናቸው፤ ውሃውን በመዳፋቸው አቁረው ለጥቂት ጊዜ ያዩታል፤ ከዚያ ይለቁታል። አይጥ ካልደረሰባቸው ደብተሮች በአንደኛው ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ «ጋሽ በየነ ውሃን በመቅመስ ምንጩን ይለያሉ። የምንጭ ውሃ አፈርና ቅጠል ይላል። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል።» ስለ እጅ መታጠቡ አንድም ቃል አልጻፍኩም። የንጽሕና ልማድ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም፣ ዛሬ ስናገረው አፍራለሁ፣ የሽማግሌ አመል ነው ብዬ ሰዓቴን አይ ነበር።

በከፍተኛው፣ ማለትም ከቀበሌዎች በላይ በነበረው እርከን፣ በዚያ ዓመት የሰፈሮች ደረጃ እንደገና እንዲመዘን ታዘዘ። ምክር ቤቱ የየሰፈሩን ደረጃ ሲያጸድቅ አብሮ የሚወስነው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ የሚቀዳበት የሕዝብ ቧንቧ፣ ቦኖ የምንለው፣ ለማን እንደሚገባ። የተፈቀደው አንድ ቦኖ ነበር፤ የሚሹት ደግሞ ሁለት ሰፈሮች፣ የታችኛውና የላይኛው። ውሃ የሌለው ሰፈር ደረጃው ዝቅ ይላል፣ ክፍያው ይቀንሳል፣ በቦኖው ተራም ይቀድማል። ውሃ አለው የተባለ ደግሞ የበለጠ እየከፈለ ይጠብቃል። ስለዚህ በእኔ ቅጽ ላይ የምትሰፍር አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ ትመዝናለች።

ጋሽ በየነ በዚያ ሳምንት ወገባቸውን ታመው ቤት ዋሉ። የታችኛውን ሰፈር አስቀድመው መዝነውት ነበር፤ የላይኛውን፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ የተሠራውን፣ ብቻዬን ወጣሁ። ሰፈሩ የሸማኔዎች፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና ከጫካ ጭራሮ ለቅመው የሚሸጡ ሴቶች ነበር። ያ ዳገት ዛሬም በጉልበቴ ውስጥ አለ። ቀይ አፈሩ፣ ዝናብ የቆረጠው የእግር መንገድ፣ በነፋስ ጊዜ ከላይ የሚመጣው የባሕር ዛፍ ጩኸት፤ ዞር ሲሉ ደግሞ ከታች እስከ ጉርድ ሾላ ሜዳ ድረስ ተዘርግቶ የሚታየው አገር። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላ ከብት የሚግጥበት ነበር ብል የዛሬ ልጆች አያምኑኝም።

በመጀመሪያው ቤት የተቀበሉኝ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ባል የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ከጋሽ በየነም በዕድሜ የሚበልጡ ቀጭን ሴት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ሲሆን በመደርደሪያው ላይ አንድ ብርጭቆ ተደፍቶ ተቀምጧል።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። መንግሥት በሜትር መጣ?»

«ቤትዎን ልለካ ነው፣ እማማ።»

«ቀስ ብለህ ለካው፤ ሲነካኩት አይወድም፤ እላይህ ላይ እንዳይተኛብህ።»

ለካሁ። ከዚያ እንደ መምህሬ ውሃ ጠየቅሁ። ብርጭቆውን አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና ሞልተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ጠጣሁ፤ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ የቧንቧ ውሃ ነው። ከመድኃኒቱ ሥር ስስ የላምባ ሽታ ነበረበት። በዚያ ቀን በአምስት ቤት ጠጣሁ፤ በአምስቱም ያው የቧንቧ ውሃ፣ በአምስቱም ያው ስስ ላምባ። አራተኛው ቤት ላይ ሜትሬ ከአጥር እሾህ ጋር ተያይዞ፣ ጌጤ የምትባል ጎልማሳ ሴት እየሳቀች ስታላቅቅልኝ ጊዜ እንደፈጀሁም አስታውሳለሁ። እጄን አልታጠብኩም፤ ሊመሽብኝ ነበር። በቅጹ ላይ «በአቅራቢያው የቧንቧ ውሃ ያገኛል» ብዬ ጻፍኩ፤ በራሴም ኮራሁ። ያየሁትን፣ ይልቁንም የቀመስኩትን፣ ጽፌአለሁና።

የምክር ቤቱ ስብሰባ በቀበሌ አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ተደረገ። የሁለቱም ሰፈር ሰዎች መጥተዋል። ወይዘሮ አስካለ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጌጤ አጠገባቸው ተቀምጣለች። የታችኛው ሰፈር ተወካይ፣ ባለ ወፍጮ፣ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛ አስፋልት ዳር ነን፤ አቧራ ነው የምንጠጣው። የላይኞቹ ለሰማይ ቅርብ ናቸው፤ ዝናቡን ከእኛ ቀድመው ይቅዱ!»

አዳራሹ ሳቀ። ወይዘሮ አስካለ ሳይነሡ ከተቀመጡበት መለሱለት።

«ዝናቡማ ቀድሞ እኛን ይመታል፣ ልጄ። ሲወርድ ግን ወዳንተ ነው። አቧራውም ከወፍጮህ ነው፤ ብታራግፈው ዱቄት ይወጣዋል።»

አሁን አዳራሹ ከበፊቱ ይልቅ ሳቀ፤ ባለ ወፍጮውም ጭምር። ወይዘሮ አስካለ ግን ቀጠሉ፤ ምንጩ ከሁለት ሸለቆ ማዶ እንደሆነ፣ አልቅት እንዳለበት፣ ጉልበታቸው እንደከዳቸው፣ በክረምት መንገዱ እንደሚያንሸራትት፣ ብቻቸውን ስለሆኑ ቢወድቁ እንስራውን የሚያነሣላቸው እንጂ እሳቸውን የሚያነሣቸው እንደማይኖር ተናገሩ። ሳቁ ቆመ።

ሊቀመንበሩ ቅጼን አነበበና ግንባሩን ቋጠረ።

«ባለሙያው ውሃ አላቸው ይላል። ጓድ፣ በምን አረጋገጥክ?»

ተነሣሁ። «በአምስት ቤት ቀምሻለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የቧንቧ ውሃ ነው። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው ቦኖ እንደሚቀዱ ገምቻለሁ።»

«እማማ፣ እርስዎ ቤት ጠጥቷል?»

ወይዘሮ አስካለ ወደ ሊቀመንበሩ አላዩም፤ ወደ እኔ አዩ።

«ጠጥቷል።»

«የቧንቧ?»

«የቧንቧ ነው።»

ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። አንድ ነገር እንድናገር እየጠበቁ ነበር። በዚያች ቅጽበት ላምባው ትዝ አለኝ። አምስት ቤት፣ አምስት ማድጋ፣ አንድ ሽታ፤ እንዴት ሊሆን ይችላል? ነገሩ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ቅጼ ግን ልክ እንዳልሆነ አወቅሁ። «ጊዜ ይሰጠኝ፤ ደግሜ ልይ» ማለት ይበቃ ነበር። አላልኩም። በዚያ ዘመን በመንግሥት ወረቀት ላይ የሰፈረን ነገር በአደባባይ ማፍረስ «አሻጥር» የሚል ስም ሊያሰጥ እንደሚችል ሁላችን እናውቅ ነበር። ይህን ግን እንደ ምክንያት ማቅረብ አልፈልግም። ማንም አላስፈራራኝም፤ ሊቀመንበሩም ክፉ ሰው አልነበረም። ተማሪው መሳሳቱ እንዳይታወቅ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት። እጅ ተቆጠረ፤ ቦኖው ለታችኛው ሰፈር ተወሰነ። የላይኛው ሰፈር ደረጃው ከፍ አለ።

ጋሽ በየነ ሕመሙ ሰንብቶባቸው ሥራ ሲገቡ ክረምቱ ጀምሯል። ስለ ላምባው ነገርኳቸው፤ ስለ ዝምታዬም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ለብዙ ጊዜ ሲቀርጹ ቆዩ።

«እጅህን ታጥበሃል?»

«አሁን?»

«እዚያ። በየቤቱ።»

«አልታጠብኩም፤ መሽቶብኝ ነበር።»

«የመጠጡ ውሃ እኮ የአንተ ነው፣ ተማሪው። እንግዳ ስለሆንክ የተሰጠህ። ያላቸውን ሳይሆን የሚመኙትን ነው የሚያጠጡህ። የእጅ ውሃ ግን የራሳቸው ነው፤ ለእጅ ማንም ደህና ውሃ አያባክንም። ጭቃ ካለበት መዳፍህ ላይ ታየዋለህ። እኔ የምለካው በእጁ ውሃ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይጠጣሉ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ይጠማኛላ። ደግሞስ ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ምንድን ነው?» እርሳሱን መልሰው ሰኩ። «በል ሂድና እጅህን ታጠብ።»

በማግስቱ ዝናብ እያባራ ወጣሁ። ወይዘሮ አስካለ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው በሸንበቆ ስንጥር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከምንጩ ሲመለሱ አንሸራቷቸው ነው። ወጌሻ አስሯቸዋል። እንስራው ተሰብሯል።

«እማማ፣ የእጅ ውሃ ቢያፈሱልኝ» አልኩ።

በጤናማው እጃቸው ከማድጋው በጣሳ ቀድተው አፈሰሱልኝ። ውሃው ሻይ ይመስላል። በመዳፌ ላይ አንዲት የበሰበሰች የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀረች።

«ያ የላምባው ጀሪካን የጌጤ ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ላምባ ትቸረችርበት ነበር። ብናጥበው ብናጥበው እምቢ አለ። ውሃ እየጠየቀ የሚዞር የመንግሥት ሰው አለ ሲሉ ሰማን፤ አልቅት ሰጥተን ልናዋርደው ነው? ከትምህርት ቤቱ ቦኖ ቀድተን እየተፈራረቅን ተሸክመን አመጣነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። አንተ በፊት በር ስትወጣ ጀሪካኑ በጓሮ አጥር ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። አራተኛው ቤት ላይ ልትቀድመው ነበር እኮ! ጌጤ ሜትርህን እሾህ ላይ ባታንጠለጥልብህ ኖሮ ተዋርደን ነበር።»

ሲናገሩ ሳቅ አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርኩ።

«በስብሰባው ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ልበል? ሰፈሩ ሁሉ ተባብሮ እንግዳ አታለለ ልበል? የእኔ ነገር ይቅር። አንተ እዚያ አልነበርክም?»

«ላምባው ሸቶኝ ነበር» አልኩ።

«አውቃለሁ። ስትጠጣ ፊትህን አይቻለሁ። ለዚያ ነው የጠበቅሁህ።»

ይህን አረፍተ ነገር የትኛውም ደብተር ላይ አልጻፍኩትም፤ መጻፍም አላስፈለገኝም።

ነገሩን ለጋሽ በየነ ስነግራቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ወገባቸውን እያሻሹ ወጡ፤ በወይዘሮ አስካለ ቤት ጠጡ፤ ታጠቡም። በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ሳይጠራቸው ተነሡና፣ «ስህተቱ የእኔ ነው። ሥራውን ግማሹን ነው ያስተማርኩት» አሉ። እኔ ልነሣ ስል በእጃቸው ትከሻዬን ተጫኑኝ። ያን ቀን ተጭነውኝ ባይሆን ኖሮ እነሣ ነበር ብዬ ራሴን አሳምናለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ደረጃው ዝቅ እንዲል ተደረገ። ቦኖው ግን ለታችኛው ሰፈር ተቆፍሮለት ነበርና የላይኛው «ወደፊት ይታያል» ተባለ። ጋሽ በየነ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ እኔ በተነሣሁበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሜትራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ከላይ የጠቀስኩት ሜትር እርሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ እኔን ወደ ክፍለ ሀገር ከተማ ላኩኝ። እዚያ ብዙ ቤት ለካሁ፤ በየቤቱ እጄን ታጠብኩ። ባልደረቦቼ «ዶክተሩ» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መንግሥትም ተለውጧል፤ ጋሽ በየነም አርፈዋል። ለቀብራቸው አልደረስኩም። ወደ ላይኛው ሰፈር ግን መድረስ እችል ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ተተካ፤ አልሄድኩም። በልቤ ወይዘሮ አስካለ ሁልጊዜ በራቸው ላይ እጃቸው ታስሮ ተቀምጠው ነበርና፣ ተነሥተው ይሆን ብዬ ማየት ፈራሁ።

የወረዳዋ ባለሙያ ጠርሙሷን ካሳየችኝ በኋላ በነበረው ሳምንት ወጣሁ። ዳገቱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ በየአጥሩ የውሃ ቆጣሪ ተሰቅሏል። ጌጤ አርጅታ፣ በልጅ ልጅ ተከብባ አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ሳስረዳት አተኩራ አየችኝ።

«ሜትሩ እሾህ የያዘው?»

«እኔው ነኝ።»

«ሸብተው አልቀዋል እኮ!» አለችና ውሃ አመጣችልኝ። ጠጥቼ የእጅ ውሃ ስጠይቃት ሳቀች፤ ከዚያ ስለ ወይዘሮ አስካለ ነገረችኝ።

ወይዘሮ አስካለ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። እጃቸው ጠምሞ ቢገጥምም በላይኛው ሰፈር ቦኖ ሲከፈት ለማየት ደርሰዋል፤ ያውም የመጀመሪያውን እንስራ የቀዱት እርሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ወረፋውን ለቆላቸው። ጌጤ እንደነገረችኝ በዚያው ቀን የቀበሌውን ዘበኛ ጠርተው፣ «ያንን ውሃ የሚጠይቀውን ሰውዬ ካገኘኸው፣ አሁን የመጠጡም የእጁም ውሃ አንድ ሆኗል፤ መጥቶ ይቅመስ በለው» ብለውታል። ዘበኛው እሺ ብሎ ወርዷል።

ያ መልእክት ለእኔ አልደረሰኝም። ዘበኛው በሕይወት የለም። የጋሽ በየነን ሴት ልጅ ፈልጌ ጠየቅኋት፤ አባቷ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንዳንድ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ እንጦጦ በኩል ይወጡ እንደነበር ታስታውሳለች፤ እርሷ ግን ለቤተ ክርስቲያን ይመስላት ነበር። ቦኖው የተከፈተው እርሳቸው በሕይወት እያሉ ይሁን ካረፉ በኋላ ጌጤ ዓመቱን አታውቀውም፤ የእኔም ደብተር አያውቀውም። ስለዚህ ወይዘሮ አስካለ የጠበቁት ማንን እንደሆነ፣ የተጠበቀውም ሰው ሄዶ ጠጥቶ እንደሆነ፣ ማረጋገጥ አልቻልኩም። ውሃ የምንጠይቀው ሁለት ነበርን።